ሙዚየሙ የማያያቸው ታቦታት

በለንደን ከተማ የሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም በመዝገቡ ላይ 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉት። አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የተወሰዱ ናቸው። እነዚህ ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም። ፎቶግራፍ አይነሡም። አጥኚ አይመረምራቸውም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችና ባለአደራዎች እንኳ አያዩአቸውም። ወደ እነርሱ እንዲቀርቡ የሚፈቀድላቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ብቻ ናቸው።

ይህ አያያዝ አክብሮት መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አክብሮቱ ራሱ አንድ ጥያቄ ይወልዳል። ለመሆኑ ሙዚየም ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በኪዮቶ ሳይስማማ ከቀረ በኋላ፣ በነሐሴ 2022 በፕራግ አዲስ ትርጓሜ አጽድቋል። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ሙዚየም ቅርስን የሚያጠና፣ የሚሰበስብ፣ የሚጠብቅ፣ የሚተረጉምና ለእይታ የሚያቀርብ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነና በማኅበረሰቦች ተሳትፎ የሚሠራ ቋሚ ተቋም ነው። እንግዲህ ታቦታቱን በዚህ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። አልተጠኑም፤ አልተተረጎሙም፤ አይታዩም፤ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብም ይመለሱልኝ እያለ ነው። ከተዘረዘሩት ተግባራት የቀሩት መሰብሰብና መጠበቅ ብቻ ናቸው። ይህን ደግሞ ማንኛውም መጋዘን ይሠራዋል።

በአማርኛ ሙዚየም «ቤተ መዘክር» ይባላል፤ የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። ታቦት ግን የመታሰቢያ ዕቃ አይደለም። በጳጳስ እጅ ሜሮን ተቀብቶ በቅዱስ ስም ይሰየማል፤ በመንበሩ ላይ ቅዳሴ ይቀደስበታል። ያለ ታቦት ሕንፃው ሕንፃ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይሆንም። ስለዚህ የስብስብ ቁጥር ሲሰጠው አንድ ቅርስ ተመዘገበ ማለት አይደለም፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት ተለየ ማለት ነው።

የሙዚየሙ ወገን ሁለት መከራከሪያዎች ያቀርባል። የመጀመሪያው አደራ ነው። አደራ የሚባለው ግን ባለቤቱ ወዶ ሲሰጥ ነው። በመቅደላ የሰጠ የለም፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ፣ ምርኮው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ሪቻርድ ሆምስ የተባለው የሙዚየሙ ባልደረባም ከጦሩ ጋር ተጉዞ ለሙዚየሙ ገዝቷል። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ ሳያውቅ የተቀበለ ሳይሆን በቦታው የተገኘ ነው። «እዚህ በደኅና ይጠበቃሉ» የሚለው ቃልም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ተናግቷል፤ ያን ጊዜ ከሙዚየሙ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች መሰረቃቸው፣ መጥፋታቸው ወይም መጎዳታቸው ታውቋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባለአደራዎቹ ከስብስቡ እንዳያስወጡ ያግዳል። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በስብስቡ ውስጥ ለመቆየት የማይስማማና መውጣቱ አጥኚዎችን የማይጎዳ ዕቃ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ማንም ሊያየው ያልተፈቀደለት ነገር ቢወጣ የትኛው አጥኚ ይጎዳል? በሩ ይጠብባል ከተባለም የእንግሊዝ ፓርላማ በናዚ ዘመን የተዘረፉ ቅርሶች ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ልዩ ሕግ አውጥቷል። ፈቃድ ሲኖር ሕግ ይከፈታል።

ሙዚየሙ ታቦታቱን በብሪታንያ ላለ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በውሰት የመስጠት ሐሳብ አለው። የተዘረፈ ሰው የገዛ ንብረቱን ተውሶ መላሽ ሊሆን ነው ማለት ነው! በኤዲንብራ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግን በቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘውን የመቅደላ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ውሰት ውል መልሷል፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም በእልልታ ተቀብሎታል።

ጠያቂውም ወገን ከጥያቄ አያመልጥም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከገዛ ቤቱ ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዷል፤ የተመለሰው በ2001 ነው። የየደብሩ ዕቃ ቤት በወጉ ካልተመዘገበና ካልተጠበቀ ነገ የሚሄደውን ለማስመለስ ማስረጃ አይኖርም። ነገር ግን የባለቤቱ ቸልተኝነት የወሳጁን መብት አያጸናም። ቤቱን ያልቆለፈ ሰው ይወቀሳል እንጂ ንብረቱን አይነጠቅም።

ትርጓሜ ማጽደቅ ቀላል ነው፤ በትርጓሜው መኖር ይከብዳል። የብሪቲሽ ሙዚየም አንዱን መምረጥ አለበት፦ ወይ ታቦታቱ ስብስብ ናቸው ብሎ የስብስብን ሥራ ይሥራባቸው፣ ይህን ደግሞ ክብራቸውን ስለሚያውቅ አያደርገውም፤ ወይም ስብስብ አለመሆናቸውን አምኖ ወደ መንበራቸው ይመልሳቸው።