ስለ ቤንዚን ሰልባትዮ ግፊትና ስለ ላስታ ደጋ አየር

በመኪና ውስጥ በሹፌሩ ፊት ከሚበሩት መብራቶች ሁሉ ባለንብረቱን ለከንቱ ወጪ በመዳረግ ረገድ፣ የሞተር ሥዕል ያለበትንና በጋራዥ ቋንቋ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለውን ቢጫ መብራት የሚያህል የለም። ይህ መብራት ከሚበራባቸው ብዙ ምክንያቶች አንዱ የቤንዚን ሰልባትዮውን የውስጥ ግፊት የሚለካው ሴንሰር የተዛባ ቁጥር መስጠቱ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩን ያስነበበው መካኒክም ከፒ 0450 እስከ ፒ 0454 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ባየ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይለካና ሳይመረምር «ሴንሰሩ ሞቷል፤ ሌላ ግዛ» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ልማድ በየትኛውም አገር የሚነቀፍ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በላሊበላ ግን ነቀፌታው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚህ ደጋ ላይ ጤነኛው ሴንሰር እንደ በሽተኛ፣ ያልዳነውም መኪና እንደ ዳነ ሊቆጠር ይችላልና ነው።

አስቀድሞ የዕቃውን ግብር መረዳት ይገባል። ቤንዚን ሙቀት ሲያገኘው ይተናል፤ እንፋሎቱም ወደ አየር ቢለቀቅ ነዳጁ ይባክናል፣ የሰውም እስትንፋስ ይመረዛል። ስለዚህ አሜሪካኖች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ቀጥሎም በአገሩ ሁሉ፣ እንፋሎቱ ካኒስተር በሚባል ከሰል በሞላበት ዕቃ ተይዞ እንዲቆይና ሞተሩ ሲሠራ ተስቦ እንዲቃጠል ደነገጉ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህም መኪናው ራሱ ይህን ሥርዓት እየመረመረ፣ ኋላ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህለውን ቀዳዳ እንኳ ሳይቀር፣ ለሹፌሩ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። የግፊቱ ሴንሰር የተፈጠረው ለዚህ ነው። በናፍጣ የሚሠሩት መኪኖችና በላሊበላ ዳገት የሚመላለሱት ባጃጆች ይህ ዕቃ ስለሌላቸው ነገሩ አይመለከታቸውም፤ የሚመለከተው የቤንዚን መኪና ያላቸውን፣ በተለይም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራችውን ገዝተው ያስመጡትን ነው።

ታዲያ ደጋው ምን አደረገ? በ1648 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ባዜቃ የተሞላ የመስታወት ቧንቧ አስይዞ ፒዩይ ደ ዶም ወደተባለው ተራራ ልኮት ነበር፤ ፔሪዬም ከተራራው ራስ ላይ ደርሶ ቢመለከት ባዜቃው ከግርጌው ይልቅ ዝቅ ብሎ አገኘው፤ በዚህም ከላያችን ያለው አየር ክብደት እንዳለውና ወደ ላይ በወጣን መጠን ይኸው ክብደት እየቀለለ እንደሚሄድ በምስክር ተረጋገጠ። ያ ተራራ 1,500 ሜትር አይሞላም፤ የእኛው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ በቆቦ ወደ 85፣ በወልድያ ከ80 ጥቂት ዝቅ ያለ፣ በጋሸና ወደ 70፣ በላሊበላም ወደ 75 ይሆናል። እንግዲህ ከቆቦ ቆላ ተነሥቶ በወልድያና በጋሸና በኩል ላሊበላ የገባ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ፔሪዬ ካየው የበለጠ የግፊት ለውጥ ያልፋል፤ ሰልባትዮውም አብሮት ያልፋል።

የምርመራው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰልባትዮውን ግፊት ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ልዩነቱን ብቻ ስለሚናገር፣ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጥና ውጭ እኩል በሆነ ጊዜ በቆቦም ሆነ በላሊበላ ዜሮ ማለት አለበት። ሁለተኛው ግን፣ ይኸውም በብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው፣ ፍጹሙን የአየር ግፊት ስለሚናገር በባሕር ዳርቻ 101፣ በላሊበላ 75 ይላል። የአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ስለሆነ፣ መጽሐፉን ብቻ ይዞ ላሊበላ ላይ 75ን ያነበበ መካኒክ በጤነኛው ሴንሰር ላይ ሞት ይፈርዳል። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ምስክር ቃል ብቻ በሰው ላይ እንዳይፈረድ እንደሚያዝ ሁሉ፣ እዚህም ሁለተኛ ምስክር መጥራት ያስፈልጋል፤ እርሱም ከመኪናው አይርቅም። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው ሴንሰር በዚያች ሰዓት የአካባቢውን አየር ግፊት ይናገራል። ሁለቱ ሴንሰሮች ከተስማሙ ሰልባትዮው ላይ ያለው እውነተኛ ነው፤ ከተለያዩ ግን አሁን ገና ጥርጣሬ ይነሣል።

በገና ሰሞን ላሊበላ ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ሲሠራ ቆሜ አይቼ ነበር። መኪናዋ ከአዲስ አበባ ምእመናን ጭና የመጣች ስትሆን፣ አንድ ጋራዥ ሴንሰሯ እንዲቀየር አስቀድሞ ወስኖባት ነበር። ወጣቱ ክዳኑን ከፍቶ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየ፤ ተስማሙ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሦስቱን ሽቦዎች በቴስተር ሲለካ፣ 5 ቮልት የሚያመጣው ደኅና ነበር፤ የኔጋቲቩም ደኅና ነበር፤ መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ የሚመልሰውን ሦስተኛውን ሽቦ ግን በጣቱ ሲነቀንቀው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወርዶ ተመለሰ። ሶኬቱን ቢነቅለው ከአንዷ ጥርስ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ ታየ፤ ውሃ ገብቶበታል። አጸዳው፣ አደረቀው፣ ጥርሷን አጥብቆ መለሰው፤ ከዚያ ወዲያ ሽቦውን ቢነቀንቀው ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በብዙ መኪኖች ላይ ሴንሰሩን ለመቀየር ሰልባትዮውን ማውረድ እንደሚያስፈልግ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ወጣት ለባለንብረቱ ያተረፈለት ገንዘብና ድካም ቀላል አይደለም።

ከሽቦው ቀጥሎ የሚመረመረው ክዳኑ ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከጀሪካን እየቀዱ መሙላት፣ የጠፋውንም ክዳን በጨርቅና በፌስታል መተካት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሴንሰሩ ምንም ሳይጎድልበት መብራቱ ቢበራ ጥፋቱ የዚያ ጨርቅ ነው። ነዳጅ ተገኘ ተብሎ እስከ አፉ ጢም አድርጎ መሙላትም ከሰሉን በቤንዚን ያሰጥመዋል። የላስታ አቧራ ደግሞ ካኒስተሩ የሚተነፍስበትን ፊልትሮ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት ረዥም ፉጨት ይሰማል፣ ማደያም ላይ ቀጂው ነዳጁን ገና ሲጀምር ማሽኑ ደጋግሞ ይቋረጥበታል። ነገር ግን ከቆቦ ሙቀት ወደ ጋሸና ብርድ በወጣ መኪና ላይ አጭር ፉጨት መሰማቱ የተፈጥሮ ግብር ስለሆነ ማንንም አያስደንግጥ።

«መኪናው እስከሄደ ድረስ መብራቱ ምን አገባው? በፕላስተር ሸፍነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የዚህን ምክር አደገኛነት ግን በጽኑ ማሳሰብ እወዳለሁ። ያ ቢጫ መብራት ለሰልባትዮው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቃጥል ብርቱ ሕመም በመጣ ጊዜም የሚያስታውቀው እርሱ ራሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየበራ የኖረ መብራት ሁለተኛ ሊበራ አይችልም፤ ፕላስተሩም የሸፈነው ገና ያልመጣውን አደጋ ጭምር ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች በአዲስ የማይተኩ አሮጌዎች ሆነው ከእኛው ጋር ይኖራሉ፤ ስለዚህ እየቀየሩ መሞከር ከእንግዲህ የማንችለው ቅንጦት ነው። የሰሜን ወሎ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለተማሪዎቻቸው ከመፍቻው በፊት ቴስተሩን እንዲያስጨብጡ፣ የየከተማውን ከፍታና የአየር ግፊት የያዘ አንድ ገጽ ሠንጠረዥም በአማርኛ አሳትመው በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንዲያስለጥፉ እጠይቃለሁ። ወጪው የአንድ ሴንሰር ዋጋ እንኳ አይደርስም። ባለንብረቱም በበኩሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት «ቁጥሩን አሳየኝ» የማለት መብት አለው።

በዚያ ሠንጠረዥ ግርጌ መጻፍ የሚገባው አንድ ነገር አለ። መካኒኩ ጥገናውን ጨርሶ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ባጠፋ ጊዜ መብራቱ ይጠፋል፤ መጥፋቱ ግን ለመዳኑ ማስረጃ የሚሆነው መኪናው ቀዳዳ የሚፈልግበትን ምርመራ ዳግመኛ ከሠራ በኋላ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾችም ይህ ምርመራ ከ2,400 ሜትር በላይ እንዳይሠራ አድርገው ኮምፒውተሩን ስላዘዙት፣ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ውሎ የሚያድር መኪና ክዳኑ ክፍት ሆኖ እንኳ ለወራት ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ በእውነት የጠገነ ባለሙያ ሰልባትዮውን ከሩብ በላይ፣ ከሦስት ሩብም በታች አስሞልቶ፣ መኪናውን ከ2,000 ሜትር ጥቂት ዝቅ ወዳለው ወደ ሹምሸሃ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ያውርድ፤ አንዳንድ ቶዮታዎች ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ራሳቸው ነቅተው ስለሚመረምሩ በዚያው አሳድሮ፣ ጠዋት በብርዱ አስነሥቶ ከነዳው በኋላ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነብብ፤ ያን ጊዜ ሒሳቡን ይቀበል።