ፎርኩ ሲጫን አይታችሁ አትግዙ

ሰፈራችን ካለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ በሳይክል የሚዘል ልጅ ሁሉ አንድ ምኞት አለው፤ ከፊት አሞርዛተር ያለው ፎርክ። እኔም ነበረኝ። ከጽሑፍ ባገኘኋት የመጀመሪያ ብር ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ፎርኩ ያብረቀርቃል፣ ሲጫኑት "ፍስስ" ብሎ ይወርዳል። ሻጩ ሦስት ጊዜ ተጭኖ አሳየኝ፣ በሦስተኛው ተሸነፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት አራት ደረጃ ዘልዬ ሳርፍ መሪው ወደ ፊት ያያል፣ ጎማው ወደ ጎን። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ ደረሰኙ ነው።

ነቅዬ መዘንኩት፤ 2.8 ኪሎ። ቱቦዎቹ 28 ሚሊ ሜትር። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን ከመግዛቴ በፊት አለመለካቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስትሪትና ለትራያልስ፣ ማለትም እግር ሳያወርዱ ደረጃና አጥር ላይ ለሚዘሉበት አነዳድ፣ ከፎርክ የሚፈለገው ልስላሴ አይደለም። ለመዝለል መጀመሪያ የፊቱን ወደ ታች ትጫናላችሁ አይደል? ለስላሳ ፎርክ ያንን ጉልበት ይውጠዋል፤ እናንተ ትደክማላችሁ፣ ሳይክሉ ግን መሬት ላይ ነው። ስለዚህ እርምጃው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ እሱም ጠጠር ብሎ የተሞላ።

ዋናው ጥያቄ ይታጠፋል ወይ ነው። የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ ቱቦ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም በዲያሜትሩ ኪዩብ ያድጋል። 28ን በ35 ስትቀይሩ አቅሙ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። የሮክሾክስ ፓይክ ዲጄ ቱቦ 35 የሆነው ለውበት አይደለም። ቀጥሎ ፐርኖውን እዩ። ቀጭኑ፣ በእጅ ተፈትቶ የሚወጣው ዓይነት ሁለቱን እግሮች በደንብ አያስርም፤ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ በቀዳዳ የሚያልፈው ግን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። (ሞዞውም አብሮ መቀየር እንዳለበት ሻጭ አይነግራችሁም።)

ክብደት ከዚህ በኋላ ይመጣል። በሞላ ፋንታ በአየር የሚሠራው ይቀላል፣ እንደ ኪሏችሁም ይስተካከላል። ግን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ እንዳታስሞሉት! የአየር ክፍሉ ትንሽ፣ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ የራሱ የእጅ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ጎሚኒው ሲያልቅ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋው ሌላ ታሪክ ነው፤ እኔ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስጠብቅ ወራት አልፈዋል።

እና ብሩ ለደህናው ካልበቃስ? ጓደኞቼ "ርካሹን ግዛና በኋላ ትቀይረዋለህ" ይላሉ። አልስማማም። በዚያው ብር አሞርዛተር የሌለው ደረቅ ፎርክ ግዙ። ይቀላል፣ አይወላገድም፣ የሚፈስ ዘይት የለውም። "የድሮ ሳይክል አስመሰልከው" የሚል አይጠፋም። ዳኒ ማካስኪል በ2009 ዓለምን ያስደነቀውን የኤዲንብራ ቪዲዮ የሠራው በደረቅ ፎርክ ነው፤ የትራያልስ ሰዎች ዛሬም የሚነዱት በእሱው ነው። እርግጥ የእጅ አንጓችሁ ይከፍላል። ከፍ ካለ ቦታ እየዘለለ ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ የሚያርፍ ሰው አሞርዛተር ቢመኝ አልፈርድበትም፤ እሱ ግን ይቆጥብና ደህናውን ይግዛ።

ደረቁን ስትገዙ ርዝመቱን ለኩ፤ ከፐርኖው መሐል እስከ ላይኛው ትከሻ። ከቀድሞው በጣም ካጠረ ፊቱ ይወርዳል፣ መሪው ይቀብጣል። እኔ ሜትር ይዤ ሄጄ ሦስት ሱቅ ተስቆብኛል፣ አራተኛው ጋ አገኘሁ።

ያ የሚያብረቀርቀው አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ሁለት ልጆች ሊገዙኝ ጠይቀውኛል። ሁለቱም የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ነው የሚውሉት፤ አልሸጥኩላቸውም።