ገብታለች ወይስ አልገባችም?

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በረድ ስትል ከዚራም ሂዱ ሳቢያን፣ መጋላም ሂዱ ገንደ ቆሬ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጆተኒ ከብበው የሚጮኹ ልጆች አታጡም። የጩኸቱ ግማሽ ያው የዘወትሩ ክርክር ነው። «አቦ ገብታለች!» «ዋላሂ አልገባችም!» ኳሷ ጎል ውስጥ ገብታ፣ የኋላውን እንጨት መትታ ተመልሳ ስትወጣ ማን ይፍረድ? የሚከፍለው ተሸናፊው ስለሆነ ማንም አይለቅም።

ክርክሩ የሰፈር ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ፣ መስመሩን አልፋ ነጥራ ስትወጣ ዳኛው አላዩም። 2 ለ 2 መሆን የነበረበት ጨዋታ በጀርመን 4 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ። በ2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ግን 14 ካሜራዎች ሁለቱን ጎሎች ይጠብቁ ነበር፤ ኳስ መስመር ስታልፍ ምልክቱ ዳኛው እጅ ሰዓት ላይ ይደርሳል።

የእኛ ሰፈር ጆተኒ ካሜራ የለውም። ባለቤቱ እናቱን የሚረዳበት ወጣት ነው። አንድ ቀን ክርክሩ ወደ ቡጢ ተለውጦ፣ ጎረቤቱ «ይህን ነገር ከዚህ አንሳልን» እስከማለት ደረሰ። ወጣቱ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጄን «አቦ፣ አንተ ሽቦ ስትነካካ ነው የምትውለው፤ አንድ መላ አምጣ» አለው። የእኔ ስጋት ደግሞ ፈተናው ነበር። በመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ ያውም ጥናቱ ካለቀ በኋላ እንዲሠራ ተስማማን።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አርዱዪኖ የምትባል ከመታወቂያ ካርድ የምታንስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ለተማሪዎች የተሠራች ናት፤ ንድፏ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌሎችም እያመረቷት ዋጋዋ ቀንሷል። ልጄ ከሞተ የቴሌቪዥን ሪሞት ላይ ዓይን የማያየውን ብርሃን የምትረጨውን ትንሽ አምፖል ነቀለ። እሷን በጎሉ አንድ ጎን፣ ብርሃኑን የሚቀበለውን ሴንሰር በሌላው ጎን አደረገ። ኳስ ስታልፍ ብርሃኑ ይቋረጣል፤ ሰሌዳዋም አንድ ብላ ትቆጥራለች።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲገጠም ግን ጉድ ፈላ። ቀስ ብላ የገባችው ኳስ ስትቆጠር፣ በኃይል የተመታችው አትቆጠርም። ልጄ ሒሳቡን ደብተሩ ላይ ሠራው። በሰከንድ 7 ሜትር የምትበር 3.5 ሳንቲሜትር ኳስ ብርሃኑን የምትጋርደው ለሰከንድ አንድ 200ኛ ብቻ ነው። እሱ የጻፈው ኮድ ደግሞ ቁጥሩን እያሳየ ግማሽ ሰከንድ ያርፍ ነበር፤ ኳሷ የምታልፈው ሰሌዳዋ ባረፈችበት ነው። ዕረፍቱን አወጣው። ያኔ ደግሞ ገብታ የተመለሰች ኳስ ሁለት ጎል ሆነች! ስለዚህ ዕረፍቱን ወደ ኋላ አዛወረው፤ ሰሌዳዋ አንድ ጎል ከቆጠረች በኋላ ለሁለት ሰከንድ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ከዚያ የድሬ ፀሐይ መጣች። ማታ ቤት ውስጥ በትክክል የሠራው ዕቃ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደጅ ሲወጣ ታወረ። የፀሐይ ብርሃንም ያንኑ የማይታየውን ብርሃን በብዛት ስለያዘ፣ ኳሷ የአምፖሏን ብትጋርድም ሴንሰሩ የፀሐይዋን እያየ «ምንም አላለፈም» ይላል። መፍትሔው ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ሆነ። ቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለውና ሴንሰሩን ውስጡ ከተተው፤ አሁን ሴንሰሩ የሚያየው ፊት ለፊት ብቻ ነው።

ለወላጆች ልነግራችሁ የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ልጅ «ተሳስተሃል» ብሎ ኤክስ ያደረገበት መምህር አልነበረም፤ ኳሷ ራሷ ነገረችው። ፍጥነት ርቀትን ለጊዜ ማካፈል መሆኑን በቃሉ ያውቅ ነበር፤ የሰፈር ጓደኞቹ ክብር የተያዘበት ጊዜ ግን እስኪገባው ድረስ ቆፈረው። ጨዋታ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ከጨዋታው ማባረር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ጨዋታው ውስጥ የጎደለውን ነገር እንዲሠራ ጠይቁት።

ለጀማሪ ሰሌዳ መግዛት እንኳ አያስፈልግም። ስክራች የሚባለው የልጆች ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። ልጃችሁ ባለቀለም ቁራጮችን እየገጣጠመ የራሱን የኳስ ጨዋታ ይሠራበታል። ወደ ሽቦ ሲያልፍ ግን ሁለት ነገር አጥብቁ። ኃይሉ ከደረቅ ድንጋይ ወይም ከፓወር ባንክ እንጂ በቀጥታ ከግድግዳ ኮረንቲ አይሁን። ያበጠ የሞባይል ባትሪም አያስነኩት፤ በእሳት ሊነሣ ይችላል።

የሰፈራችን ጆተኒ ዛሬም ሙሉ ሰላም ነው አልላችሁም። «እጀታውን አሽከርክረሃል» የሚለውን ክስ የትኛውም ሴንሰር አልፈታውም። «ገብታለች፣ አልገባችም» ግን ቀርቷል፤ ጎረቤትም ጠረጴዛው ይነሣልን ማለቱን ትቷል። ልጄም ጥናቱን ጨርሶ ቅዳሜን ይጠብቃል።