ዝምታ ሁሉ ሰላም አይደለም

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ወንዶችና ስለ ሴቶች እኩልነት በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር «ማን ይበልጣል?» የሚል ነው። አንዱ ጕልበትን፥ ሌላው ዕውቀትን እየጠቀሰ ሲመዝን ይውላል። እኔ ግን አንድ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ የተወልንን ሌላ ሚዛን ለአንባቢያን ለማቅረብ እወዳለሁና፥ ይህችን አጭር አሳቤን በዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ፈላስፋው ኤፊቆሮስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ካገኛቸው ፈላስፎች መካከል የእርሱ ወገኖች እንደ ነበሩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ተጽፏል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ኤፊቆሮስ ማለት ሆዱን አምላኩ ያደረገ ሰው ነው ተብዬ ተምሬ ነበር። እያደር ስመረምረው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ስለ አምላክ ያስተማረውን አልቀበለውም፤ ዳሩ ግን ደስታ ብሎ የጠራው ግብዣና ስካርን ሳይሆን ሥጋ ከሕመም፥ ነፍስም ከሁከት ማረፏን ነው።

ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ306 ዓመት ገደማ በአቴና በአንድ የአትክልት ቦታ ትምህርት ቤቱን አቆመ። በዚያን ጊዜ የአቴና ሴት በሸንጎ ድምፅ አልነበራትም፤ በሕግ ፊት የሚቆምላትም አባቷ ወይም ባሏ ወይም ሌላ ወንድ ዘመዷ ነበር። በኤፊቆሮስ ግቢ ግን ሴቶችም ባሮችም ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ቴሚስታ የተባለችው ሴት ከባሏ ከሌዎንቴዎስ ጋር ደቀ መዝሙሩ ሆነች፤ ኤፊቆሮስም ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ሌዎንትዮን የተባለችው ደግሞ ስመ ጥሩውን ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስን የሚቃወም መጽሐፍ ጻፈች። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ሮማዊው ሲሴሮ ስሟን እያዋረደ ድፍረቷን ነቀፈ፤ የግሪክኛዋን ማማር ግን ሊክድ አልቻለም።

ያ ግቢ ፍጹም ነበር አልልም። የከተማዪቱን ሕግ አልለወጠም፤ ኤፊቆሮስ ራሱም በኑዛዜው የወዳጁን የሜጥሮዶሮስን ሴት ልጅ፥ ጠባየ መልካምና ለወራሹ ለሄርማርኮስ ታዛዥ ከሆነች ይዳሯት ብሎ ነው የተናዘዘው። አሳቡን እስከ መጨረሻው አልሄደበትም ማለት ነው።

ሚዛኑ ግን ለእኛም ይሠራል። ፍትሕ ማለት ሰዎች እርስ በርስ ላለመጐዳዳት የሚገቡት ውል ነው፤ ለሰዎች የጋራ ኑሮ መጥቀሙን የተወ ሕግም ፍትሕነቱ ያበቃል ብሎ አስተምሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ትቶ፥ ባልና ሚስት ቤተ ሰቡን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሕጉ ተለወጠ፤ ቤታችንስ?

በክፍሌ ውስጥ ጧት ጧት የምታንቀላፋ ብልህ ተማሪ ነበረች። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ ማታ እራት አቅርባ፥ ዕቃ አጥባ፥ ትንንሾቹን አስተኝታ ስትጨርስ ሌሊቱ እንደሚጋመስ ነገረችኝ። በዚያው ሰዓት ታላቅ ወንድሟ ያጠናል። «ታዲያ ለምን አትናገሪም?» ብላት፥ «አባባን እፈራለሁ» አለችኝ። አባቷን አስጠርቼ ባነጋግራቸው፥ «ቤቴ ሰላም ነው፤ ክርክር ተሰምቶበት አያውቅም» ብለው መለሱልኝ። አልዋሹም፤ ነገር ግን የፍርሃትን ዝምታ ከሰላም ቈጠሩት። ልጅቷም በፈተናው የሚገባትን ነጥብ ሳታገኝ ቀረች።

«ለአንድ ቤት ሁለት ራስ አይሆንም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ጥያቄ አለኝ። የሚፈራ ሰው የልቡን ይናገራልን? የልቡን የማይናገርስ ወዳጅ ሊሆን ይችላልን? ኤፊቆሮስ ለመልካም ኑሮ ከሁሉ የሚበልጥ ያለው ወዳጅነትን ነው። ሚስቱና ልጆቹ የሚፈሩት ሰው ታዛዥ አያጣም፤ ጭንቅ በያዘው ቀን ግን እውነቱን የሚነግረው ሰው በገዛ ቤቱ ያጣል። እንግዲህ እኩልነት ከወንዱ ተቀንሶ ለሴቲቱ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም፤ የሁለቱም የነፍስ ዕረፍት ነው።

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ወንዱ ልጅ ዕቃውን ይጠብ፤ እኅቱም ያችን አንድ ሰዓት ታንብብባት። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር