ቢጫው ዴዚ በሚዛን ደጅ

ወደ ሚዛን ተፈሪ ወይም ወደ ቴፒ ተመድበህ የመጣህ ወጣት ሠራተኛ እንደ ሆንህ፣ በተከራየኸው ቤት ደጅ አበባ ትከል ብልህ «ነገ ለምለቀው ቤት ምን አደከመኝ?» ትለኝ ይሆናል። ለዚህ መልስ አለኝ፤ አስቀድሜ ግን ስለ አበባው ላጫውትህ።

ሻስታ ዴዚ የተባለውን አበባ ያስገኘው ሉተር በርባንክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የአውሮፓንና የጃፓንን ዴዚዎች 17 ዓመት ያህል ሲያዳቅል ቆይቶ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ለሽያጭ አቀረበው። አበባው ነጭ ስለ ነበረ፣ በካሊፎርኒያ ባለው በረዶ ለባሽ ተራራ ስም ሻስታ አለው። ቢጫዎቹ ዓይነቶች ኋላ የመጡ ናቸው። ከእነሱም አንዱ «ባናና ክሬም» ሲፈነዳ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኖ፣ ሲሰነብት ወደ ነጭነት ያዘነብላል። ስለዚህ ቀለሙ ለቀቀ ብለህ ሻጩን አትውቀስ፤ ጠባዩ ነው።

ይህ አበባ በእኛ ቡና አገር ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ውሃ ነው። ዝናባችን ከዓመቱ የሚበልጡትን ወራት ይወርዳል፤ የሻስታ ሥር ግን ውሃ በቆመበት መሬት ይበሰብሳል። መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገህ ሥራ፤ ዙሪያውን ቦይ ቅደድ፤ ችግኞቹንም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቃቸው። ደግሞም ቡና ጥላ ቢወድም፣ ዴዚ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይሻልና ከሙዙና ከእንሰቱ ሥር አትትከለው።

ሁለተኛው ፈተና የቀኑ ርዝመት ነው። ሻስታ በደንብ የሚያብበው ብርድ ካገኘ በኋላ ቀኑ ሲረዝምለት ነው። በሚዛን ግን ውርጭ የለም፤ ቀንና ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ቅጠሉ ለምልሞ አበባው ቢያንስ አትደነቅ። ተስፋህንም ሁሉ በእሱ ላይ አትጣል፤ ሁለት ሦስት ሥር ብቻ ትከል።

ከጎኑ ግን ዘመዱን አደይ አበባን ዝራ። አደይ፣ ኑግ፣ ሱፍና ዴዚ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። አደይ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ በመስከረም ቢጫነቱን ያለ ስስት ይሰጥሃል። አበባው ሲደርቅ ዘሩን ልቀምና ለሚመጣው ክረምት አኑር።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የሻስታ ጉብ መካከሉ ስለሚያረጅ፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ተነቅሎ ካልተከፋፈለ ይደክማል። ቢጫው ዓይነት ደግሞ ከዘር ቢበቅል እናቱን መምሰሉ አያስተማምንም፤ የሚራባው በመከፈል ነው። የመዛወሪያ ደብዳቤህ ሲመጣ ጉቡን ለሁለት ክፈለው። ግማሹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ውሰድ፤ ወደ ደጋ ከሆነ መንገድህ ብርዱ ይስማማዋል። ግማሹን ግን ለሚተካህ ሰው ተውለት። የማያውቀው አገር ሲገባ፣ ከእሱ በፊት በዚያ ቤት የኖረ ሰው ቤቱን እንደ ቤቱ አድርጎ እንደ ኖረበት ከደጁ ያያል።