ፒክአፑ ይገባል ወይ?

ረጅም ፒክአፕ ጋራዥ ይግባ አይግባ የሚወስነው፣ መኪናው ከግቢ በር ጀምሮ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለው ዝቅተኛው ነጥብ ነው። ያ ነጥብ አንዳንዴ የመግቢያው ቢም፣ አንዳንዴ በኮርኒሱ ሥር የተዘረጋ የፍሳሽ ቱቦ፣ አንዳንዴም እስከ መጨረሻው ያልተጠቀለለ በር ጫፍ ነው። ጋራዥ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የጥገና ቦታን ነው፤ እዚህ ላይ ግን የቤት መኪና ማደሪያንና የሕንጻ ምድር ቤት ማቆሚያን ይመለከታል።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው ባለ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሞዴል 5 ሜትር ከ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፖኪዮው ሳይቆጠር ወርዱ 1 ሜትር ከ85፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 አካባቢ ነው። ለአንድ መኪና ብዙ ጊዜ የሚመደበው ቦታ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ነው። ስለዚህ ቁመቱ ከመነሣቱ በፊት ርዝመቱ ብቻውን 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመስመሩ ይወጣል። የላሜራ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ በሩ የሚዞርበትም ቦታ ከዚያው ከወለሉ ላይ ይቀነሳል።

ፋብሪካው የሚሰጠው ቁመት ምንም ያልተጨመረበት መኪና ቁመት ነው። እዚህ አገር ግን ብዙው ፒክአፕ ፖርቶመጋላ፣ በጭነቱ ላይ የሚደፋ ካኖፒ ወይም የሬዲዮ አንቴና አለው። ለገጠር መንገድ ተብሎ ባሌስትራ የተጨመረለት፣ ተለቅ ያለ ጎማ የገባለትም ጥቂት አይደለም። የጎማው ዲያሜትር በ6 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ መኪናው 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ መለካት ያለበት በር ላይ የቆመው መኪና ራሱ ነው። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሞ፣ ቀጥ ያለ ሞራሌ ከሁሉም ከፍ ባለው ቦታ ላይ አግድም ማጋደም፣ ሞራሌው አለመዝመሙን በውሃ ልክ ማየት፣ ከዚያም ከጫፉ እስከ መሬት በሜትር መለካት ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው ባዶ ሳለ ነው። ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ይለጠጣል፤ ሲራገፍ መልሶ ይነሣል። ሲሚንቶ ጭኖ ያለ ችግር የገባ ፒክአፕ፣ ምድር ቤት ውስጥ ጭነቱን አራግፎ ሲወጣ በገባበት በር ላይ ሊሰካ ይችላል። አሽከርካሪው ከአንድ ሰዓት በፊት በዚያው በር ስላለፈ አይጠራጠርም፤ አደጋው የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ግን ራምፑ ነው። በመግቢያው ላይ «ከፍታ 2 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ቁጥር ከወለል እስከ ቢም በቀጥታ የተለካ ነው። መኪና ግን ቁልቁለቱ አልቆ ወለሉ ደልዳላ በሚሆንበት ቦታ ላይ ወለሉን ተከትሎ አይታጠፍም፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ ላይ እንደ ድልድይ ይዘረጋል። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ራምፑ በየሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ቢሆንና መታጠፊያው ልክ በጎማዎቹ መካከል ቢውል፣ የኋላዎቹ ጎማዎች ከታችኛው ወለል 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቀራሉ። የመኪናው ወገብም የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል። የጋቢናው ጣሪያ ያለው እዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ 1 ሜትር ከ82 የነበረው ቁመት በዚያች ቅጽበት 1 ሜትር ከ94 ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፖርቶመጋላ ከተጨመረበት 2 ሜትር ከ4 ደረሰ፤ «2 ሜትር» የተባለው ቢም ከዚያች ቦታ በላይ ከሆነ ይመታዋል ማለት ነው።

ይህን መኪናውን ሳያስገቡ ማረጋገጥ ይቻላል። በራምፑ ማለቂያ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች ርቀት ልክ ሲባጎ ወጥሮ ሁለቱን ጫፎች መሬት ማስነካት ነው፤ አንዱ ጫፍ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሌላው ደልዳላው ላይ ይውላል። በመኪናው ቁመት ልክ የተቆረጠ እንጨት በሲባጎው መካከል ላይ ቀጥ ተደርጎ ሲቆም ጣሪያውን ካልነካ መኪናውም አይነካም። ሲባጎውን ጥቂት ወደ ታችና ወደ ላይ እያንሸራተቱ መድገም ያስፈልጋል። ከዚያ ያንኑ እንጨት እንደ ከዘራ ይዞ፣ ከበሩ እስከ መቆሚያው ድረስ በየቱቦው፣ በየመብራቱና በየእሳት ማጥፊያ ውሃ መስመሩ ሥር መሄድ ነው። በደልዳላ ወለል ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ትርፍ እንደ ትርፍ ባይቆጠር ይሻላል፤ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ሲሰበር የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለምና። «ና፣ ና፣ ና» እያለ መኪና የሚያስገባው ሠራተኛም ዓይኑ ፓራውልቱ ላይ ነው፤ ከላይ ያለው አይታየውም። የሕንጻ ባለቤቶች ከመግቢያው ቀደም ብሎ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ቀላል ዘንግ ቢያደርጉ፣ መኪናው ቢሙን ሳይሆን ዘንጉን ይመታና አሽከርካሪው በጊዜ ይቆማል።

ወርዱን በተመለከተ ስፖኪዮ መረሳት የለበትም። የቤት ጋራዥ በተለመደባት አሜሪካ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸውን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ የብዙ ጋራዦች በር 7 ጫማ ወይም 2 ሜትር ከ13 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። መደበኛው ፎርድ ኤፍ 150 ፒክአፕ ቁመቱ ከ2 ሜትር ስለማያልፍ ምንም ካልተጨመረበት በቁመት ያልፋል። ስፖኪዮው ሲዘረጋ ግን ወርዱ 2 ሜትር ከ43 ይደርሳል፤ ጠባብ የሚባለው የአንድ መኪና በር ደግሞ 8 ጫማ ወይም 2 ሜትር ከ44 ነው። ስፖኪዮው ካልታጠፈ ለሁለቱም ጎን የሚተርፈው በድምሩ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ከገቡ በኋላም በሩን ከፍቶ ለመውረድ ቢያንስ በሾፌሩ በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል።

አፓርታማ ከነመኪና ማቆሚያው የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ መለካት ያለበት ውሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ነው። ሕንጻው ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ወለሉ ላይ ሊሾ ወይም ሴራሚክ መቅረቱን፣ ከላይም ቱቦዎቹ አለመዘርጋታቸውን መጠየቅ ይገባል፤ ሊሾው ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር ሊወስድ ይችላል። መኪናው ለጥቂት የማይገባ ከሆነ ፖርቶመጋላውን መፍታት፣ ጎማውን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ወይም የራምፑን መታጠፊያ በባለሙያ ማስተካከል ይቻላል። ቢሙን መፈልፈል ግን በምንም ምክንያት አይሞከርም፤ የሕንጻውን ክብደት የሚሸከመው ፌሮ በብዛት የሚገኘው በሥረኛው የቢሙ ክፍል ውስጥ ነው።