የቀለም ጠብታና የቸኮለ እጅ

ቀለም የመማር ምልክት ነው። አንድን ሰው «ቀለም የገባው ነው» ስንል የተማረ መሆኑን መመስከራችን ነውና። ይኸው ቀለም ከወረቀቱ ወርዶ በጠረጴዛው ላይ በፈሰሰ ጊዜ ግን የተማረውን ሰው ትዕግሥቱንና ሐቀኝነቱን ይፈትነዋል።

እኔም በዚህ ፈተና ወድቄአለሁ። ሥራ በጀመርሁበት በመጀመሪያው ወር የማኅተም ቀለም በተሰጠኝ የወንዛ ጠረጴዛ ላይ ደፋሁ። አለቃዬ ሳያዩብኝ ላጥፋው ብዬ ጨርቅ በስፒሪቶ ነክሬ በኃይል ፈተግሁት። ቀለሙ ተስፋፋ፤ የጠረጴዛውም ቅብ አብሮ ተላጠ። የገረጣውን ቦታ በፋይል ሸፍኜ ብዙ ቀን ሰነበትሁ። በኋላ ወንበር ሊጠግኑ የመጡ አንድ ሽማግሌ አናጢ ፋይሉን አንሥተው አዩና፤ «ልጄ፤ ቀለሙ ያበላሸው የሳንቲም ያህል ነበር፤ የቀረውን ያበላሸኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝሁት አሳብ ይህ ነው፤ ዕቃችንን ከቀለሙ ይልቅ የሚጐዳው ድንጋጤያችን ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ቃል ለቀለምም ይሠራል።

ቀለሙ ገና እርጥብ ከሆነ አይጠረግም፤ ይመጠጣል። ለስላሳ ወረቀት ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ጫን አድርጎ ማንሣት፤ ወረቀቱንም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው። የሚያብስ ሰው ቀለሙን ወደ ንጹሑ ቦታ ይነዳዋል።

ከዚህ በኋላ የቀለሙን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በውሃ የሚለቅ የብዕር ቀለም ከሆነ ጥቂት ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ በቀስታ ታብሶ ወዲያው መድረቅ አለበት። የእስክሪብቶ ቀለም ግን ከዚህ ይለያል። ላስሎ ቢሮ የተባለው ሃንጋሪያዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ብዕር ወፈር ያለ፤ እንደ ዘይት የሚጣበቅ ቀለም ስላለው ውሃ አይፈታውም። እርሱን የሚፈታው አልኮል ነው።

አልኮል ግን ወዳጅም ጠላትም ነው። ከጎማላካ የተሠራውን ቅብ እንደ ቀለሙ ሁሉ ያሟሟዋል፤ የእኔንም ጠረጴዛ ያገኘው ይኸው ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ፤ ለምሳሌ በጠረጴዛው እግር በውስጥ በኩል፤ በጥጥ ነካ አድርጎ መሞከር ይገባል። ቅቡ ከለሰለሰ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ መተው ነው። ካልተለወጠ ግን ጥጡን በጥቂቱ አርሶ ከነጥቡ ዳር ወደ መሐሉ መንካትና መምጠጥ ይቻላል። መስኮቱ ይከፈት፤ እሳትና ሲጋራም ይራቅ።

በረኪናን በሚመለከት ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪና ቅቡንና የእንጨቱን መልክ ያበላሻል። ከዚያም የከፋው፤ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋራ ቢቀላቀል ሳንባን የሚጐዳ፤ ሊገድልም የሚችል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ለአንድ ጠብታ ቀለም ሕይወት አይከፈልም።

ቀለሙ ቅቡን አልፎ ወደ እንጨቱ ከዘለቀ ሥራው የአናጢ ነው። ብረት ያለበት የድሮ ጥቁር ቀለም በተለይ ከእንጨቱ ጋራ ስለሚዋሐድ፤ ቅቡ ተነሥቶ በኦክሳሊክ አሲድ ይታጠባል፤ ይህም አሲድ መርዝ ስለሆነ ለማያውቅ እጅ አይሰጥም። ራስህ በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው ብትል ደግሞ፤ የብዙ ጠረጴዛ ፊት በኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ከ1 ሚሊሜትር የሚያንስ ስስ እንጨት ነውና ጥቂት ስትፍቅ ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል።

አንዳንድ ወጣት ባልደረባ «የመንግሥት ጠረጴዛ ነው፤ ምን አስጨነቀኝ» ሲል እሰማለሁ። የመንግሥት ማለት ግን የግብር ከፋዩ ማለት ነው። ገበሬውና ነጋዴው ከላባቸው ባዋጡት ገንዘብ የተገዛውን ጠረጴዛ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ መቁጠር በሰው ገንዘብ መቀለድ ነው። ወንዛውም ቢሆን በአንድ ክረምት አልበቀለም።

ስለዚህ ወንድሜ፤ እኅቴ፤ ቀለም የደፋህ ወይም የደፋሽ እንደ ሆነ መጀመሪያ ምጠጡት፤ ቀጥሎ ለዕቃ ኀላፊው ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፤ የተደበቀ ጠብታም እያደረ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዕለቱ ቢነገር ጥቂት ደቂቃ የሚበቃው ጥፋት፤ ወር ሲያድር አናጢና ወጪ ይጠይቃል።

የእኔ ጠረጴዛ በሽማግሌው እጅ እንደገና ተቀባ። ከመሐሉ ግን ዛሬም የደበዘዘ ነጥብ አለ። ይጥፋ ቢባል እንጨቱ የሚሳሳ ስለ ነበር እንዲቆይ የመከሩኝ እርሳቸው ናቸው። መልካም ሠራተኛ የት እንደሚያቆም ያውቃልና። እኔም በነጥቡ ላይ ፋይል መደረብን ትቻለሁ።